የሕፃን ብርድ ልብሴ ታጥቦ ተተረተረ፤ ጥፋቱ የመርፌው ነው የእኔ?

ብርድ_ለመደ፣ ደብረ ብርሃን
ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከዛሬ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም፤ ዛሬ ግን አንጀቴ አርሮ ነው የመጣሁት።

እህቴ በጥር ትወልዳለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናትና ስለ ጥር ውርጭ ለምታውቁት አላወራላችሁም። ለልጁ ብርድ ልብስ በኪሮሽ ልሥራለት ብዬ ከመስከረም ጀምሬ 36 ካሬ ሠራሁ፤ ስድስት በስድስት። አንዱ ካሬ 14 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መሃሉ ቢጫ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ዳሩ ሰማያዊ። ኪሮሹ 4 ሚሊ ሜትር። ሥራው ራሱ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ቡና እስኪፈላ አንድ ካሬ፣ ባጃጅ እስኪመጣ ግማሽ እያልኩ ሳላስበው አለቀ።

ጉዱ የመጣው ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ቀለም ማለት በየካሬው ስድስት የክር ጫፍ ማለት ነው፤ በ36 ስታባዙት 216። ገልብጬ ሳየው ጃርት እንጂ ብርድ ልብስ አይመስልም ነበር። የክር መርፌ ስለሌለኝ እናቴ ጆንያ የምትሰፋበትን መርፌ አነሣሁ። በሁለት ማታ 216ቱንም ወሸቅኩ፣ የተረፈውን ከሥሩ ቆረጥኩ፣ ካሬዎቹንም በዚያው መርፌ ሰፍቼ አያያዝኳቸው።

አጠብኩት። በዚህ ብርድ ሁለት ቀን ፈጅቶ ደረቀ። ከገመዱ ሳወርደው የአምስቱ ካሬ መሃል ተከፍቶ ጣት ያስገባል፣ በየቦታው የክር ጫፍ እንደ ትል ብቅ ብሏል፣ የሰፋሁበት መስመር ደግሞ ክሩ ተሰነጣጥቆ ተንጨፍርሯል።

ትክክለኛው መርፌ የትኛው ነው? ቁጥሩስ ስንት ነው? እዚሁ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ሰው ልላክ? ይኼኛውስ ይድናል?


ዳንቴሏ፣ ጠባሴ
ሰኞ ማታ 2፡50

አይዞሽ እህቴ፣ ይድናል። ከመፍረዴ በፊት ግን ንገሪኝ። ክሩን ስትቆርጪ ምን ያህል ጫፍ ትተሽ ነበር? ክሩ ምንድን ነው፣ ጥጥ፣ የበግ ጠጉር ወይስ አክሪሊክ? ስትወሽቂውስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ወይስ መልሰሽዋል?


ብርድ_ለመደ
ሰኞ ማታ 3፡05

ጫፉ ሁለት ጣት ያህል። ክር እቆጥባለሁ ብዬ ነው፣ አትሳቁብኝ። የክሩ ወረቀት ጠፍቷል፤ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ያብረቀርቃል። አቅጣጫ እንዳለው ደግሞ ገና አሁን ከአንቺ ሰማሁ። ሰካሁ፣ ጎተትኩ፣ ቆረጥኩ፣ በቃ።


ቆላ_ወረድ፣ ሸዋ ሮቢት
ሰኞ ማታ 3፡20

ለመርፌ ይህን ያህል ወሬ! የናይለን ገመድ ጫፍ እንዳይተረተር ምን እናደርጋለን? በላይተር ለኮስ ማድረግ ነው። የክሩንም ጫፍ እንዲሁ አድርጊው፣ 216ቱን በአንድ ሰዓት ትጨርሻለሽ።


ልብስ_ሰፊው፣ ደብረ ሲና
ሰኞ ማታ 3፡41

ኧረ ወንድሜ፣ ለሕፃን ነው የምትለው! አክሪሊክ ቀልጦ ሲበርድ ጠጠር ነው የሚሆነው። ያንን ጠጠር 216 ቦታ ላይ ተክለሽ ልጅ ጠቅልይበት ማለት ነው? ጥጥ ወይም የበግ ጠጉር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይቀልጥም፣ ይቃጠላል እንጂ።

እሳቱን ለሌላ ነገር ተጠቀሚበት፣ ብርድ_ለመደ። ከተረፈሽ ክር ጣት የምታህል ቁራጭ ወስደሽ በወረንጦ ያዢና፣ ውኃ የያዘ ሳህን ላይ ሆነሽ ለኩሺው። ተኮማትሮ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ከሠራ አክሪሊክ ነው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተሽና አመዱ በጣት ሲነካ ብን ካለ ጥጥ ነው። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተ ነገሩ ከበግ ነው። ያብረቀርቃል ስላልሽ እኔ በአክሪሊክ እወራረዳለሁ።


ብርድ_ለመደ
ሰኞ ማታ 4፡02

ጥቁር ፍሬ። እናቴም «ቤት ልታቃጥይ ነው እንዴ?» ብላ ከመኝታዋ ተነሣች።


ዳንቴሏ
ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

እንግዲህ ነገሩ ተገለጠ። ጥፋቱን ለሁለት ከፍዬ አካፍላችኋለሁ፣ ለአንቺም ለመርፌውም።

ከመርፌው ልጀምር። የጆንያ መርፌ የተሠራው ጠንካራ ቃጫ ወይም ማዳበሪያ ለመብሳት ነው። ጫፉ ጠፍጠፍ ያለና ሹል ነው፣ ስለታምም ነው። የሹራብ ክር ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሦስት አራት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ተገምዶ ነው የሚሠራው። ሹሉ ጫፍ በክሮቹ መካከል መንገድ ከመፈለግ ይልቅ ክሩን ራሱን ሰንጥቆ ያልፋል። ተንጨፈረረ ያልሽው መስመር ከዚህ የመጣ ነው። የክር መርፌ የሚባለው ጫፉ ደነዝ ነው። ጣትሽ ላይ ብትጫኚው አይወጋም፤ ክሩን ገፋ አድርጎ በጎኑ ያልፋል እንጂ አይበሳውም። ቀዳዳው ደግሞ ረዘም ያለ ነው፣ ወፍራም ክር ሳይጨናነቅ እንዲገባ።

ስለ ቁጥሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መርፌው ይቀጥናል። 13 ወፍራሙ ነው፣ እስከ 28 ድረስ እየቀጠነ ይሄዳል። አንቺ በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ለሠራሽው ክር 18 ይበቃል፣ ክሩ ደልደል ያለ ከሆነ 16። እኔ ለሶፋ ዳንቴል በቀጭን የጥጥ ክር ስሠራ 22 ወይም 24 ነው የምይዘው። ለዚያ ሥራ 16 ብትይዢ መርፌው ባለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ማታ እመለሳለሁ፣ አሁን ሥራ ልግባ።


ልብስ_ሰፊው
ማክሰኞ ቀን 6፡10

ዳንቴሏ፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔንም አሳስቶኛል። የስፌት መኪና መርፌ የሚቆጠረው በተቃራኒው ነው። ለስስ ጨርቅ 11፣ ለጂንስ 16 ነው የምከተው፤ ቁጥሩ ሲያድግ መርፌው ይወፍራል። ስለዚህ ሱቅ ገብተሽ «16 ስጠኝ» ብቻ ብትይ ባለሱቁ የመኪና መርፌ አውጥቶ ይሰጥሻል። «የእጅ ነው፣ ለሹራብ ክር፣ ጫፉ ደነዝ» በይው።

አሁን ግን ልቃወምሽ ነው። ደነዝ ብቻ ይበቃል ማለትሽ ለእኔ አልተዋጠልኝም። አክሪሊክ ያሟልጫል፤ ጫፉን በደነዝ መርፌ በክሮቹ መካከል ብታሾልኪው የገባበትን መንገድ አውቆ ይወጣል። እኔ ሹራብ ስጠግን በሹል መርፌ ክሩን ሆን ብዬ ወግቼ ነው የማሳልፈው፣ ያኔ ክር ክርን ይነክሳል። ታዲያ ሹል መጥፎ ነው ካልሽ የእኔ ሥራ ለምን አይፈታም?


ካሬ_በካሬ፣ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ
ማክሰኞ ቀን 8፡45

ይቅርታ በመካከል ስለገባሁ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ በኪሮሽ ትንንሽ አሻንጉሊት እየሠራሁ እሸጣለሁ። 216 ጫፍ መወሸቅ ለምን አስፈለገ? አዲስ ቀለም ስጀምር የአሮጌውንም የአዲሱንም ጫፍ በሥራው አናት ላይ አስተኝቼ እላዩ ላይ እሠራበታለሁ። መርፌ ሳልነካ ተደበቀ ማለት ነው።


ዳንቴሏ
ማክሰኞ ማታ 1፡55

ካሬ_በካሬ፣ ለአሻንጉሊት ያዋጣሻል፣ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይይዛል፣ ውስጡም አይታይም። ለብርድ ልብስ ግን ሁለት ነገር አስቢ። እላዩ ላይ የተሠራበት ጫፍ የተኛው በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥ ብሎ ነው። ልጅ ሲጎትተው፣ ሲታጠብ ሲጠመዘዝ፣ እንደ ሱሪ ገመድ ሹልክ ይላል። ሌላው ደግሞ ቢጫው በነጩ ውስጥ ያሳብቃል። እኔ እንዲህ የማደርገው ረዘም ያለ ጫፍ ትቼ፣ ግማሹን በሥራው ሸፍኜ፣ የቀረውን በመርፌ ወደ ኋላ ስመልሰው ነው።

ልብስ_ሰፊው፣ አንተ ደግሞ እውነት አለህ፤ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። የእኔ አብዛኛው ሥራ ጥጥ ነው፣ ጠበቅ ያለ ነው፣ ለዚህ ነው ደነዙ ያልከዳኝ። በአክሪሊክ የሠራሁትን አንድ ሻርፕ አውጥቼ ሳየው ሁለት ጫፍ ብቅ ብሏል! እስከዛሬ አላየሁትም ነበር። ስለዚህ እንታረቅ፦ ካሬ ከካሬ መስፋት በደነዝ፣ ምክንያቱም ስፌቱ ካልተስተካከለ መፍታት ይኖራል፣ የተሰነጠቀ ክር ደግሞ አይፈታም፣ ይቆረጣል እንጂ። ጫፍ ስትወሽቂ መጀመሪያውን በደነዝ፣ የመጨረሻዋን መመለሻ ብቻ በሹል፣ የራሱን ቀለም ክር እየወጋሽ። ቀዳዳው እንደ ክር መርፌው ሰፊ ሆኖ ጫፉ ሹል የሆነ የጥልፍ መርፌ አለ፣ እሱን ያዢ።


ልብስ_ሰፊው
ማክሰኞ ማታ 2፡10

ታረቅን። ቡናው ግን በአንቺ ነው።


የመንዝ_ልጅ፣ መሐል ሜዳ
ማክሰኞ ማታ 3፡15

ይህን ሁሉ ለአያቴ አነበብኩላት። ዕድሜዋን በሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል የኖረች ናት፤ ባናችን ከእሷ እንዝርት የወጣ ነው። የምትለውን እጽፋለሁ።

«ልጄ፣ የበግ ጠጉር እርስ በርሱ ይያያዛል። ሻካራ ነው፣ ባጠብሽው ቁጥር ይብስ ይጣበቃል። የእኛን ክር ጫፉን ትንሽ አስገብተሽ ብትተዪው ራሱ ያድራል። የሱቁ ክር ግን እንደ ጎመን ዘር ያሟልጫል፣ ማን ይዞት ይቀመጣል? በእሱ ላይ ቸኩለሽበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «መርፌዋን ምን ውስጥ ነው የምታኖረው?» እሷ መርፌዎቿን የምትሰካው ባልታጠበ የበግ ጠጉር በተሞላች ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ላይ ነው። ያልታጠበ ጠጉር ቅባት አለው፤ መርፌው በገባ በወጣ ቁጥር ይቀባዋል፣ ክረምቱን ሙሉ ዝገት አያገኘውም። ጠጉሩ ከታጠበ ግን ቅባቱ ይሄዳል፣ ከንቱ ነው ትላለች። እኔ የብረት መርፌዬን በእርጥብ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ረስቼ የዛገው ነጭ ክር ላይ ቡናማ መስመር አስምሮብኛል፤ እስካሁን አልለቀቀም።


ብርድ_ለመደ
ማክሰኞ ማታ 3፡40

እማማን ስሚልኝ። ሲሮጡ የታጠቁትን ግድግዳዬ ላይ ልጽፈው ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። በምራቅ አርሼ፣ አሹዬ፣ ብቻ ይበታተናል። እናንተ እንዴት ነው የምታስገቡት?


ዳንቴሏ
ማክሰኞ ማታ 4፡00

ምራቁን ተዪው። ለስፌት ክር ይሠራል፣ የሹራብ ክር ግን ሲረጥብ ያብጣል። ጫፉን ሳይሆን እጥፉን ነው የምታስገቢው። ክሩን በመርፌው አካል ላይ ጣል አድርገሽ እጠፊው፣ በአውራ ጣትሽና በጠቋሚሽ እጥፉን ቆንጥጠሽ ጭምቅ አድርጊው፣ ከዚያ መርፌውን ስበሽ አውጪው። በጣቶችሽ መካከል ስስ ጠፍጣፋ እጥፍ ይቀርሻል፣ ክሩ ሊታይሽ እስከማይችል ድረስ። ቀዳዳውን ወደዚያ እጥፍ ገፊው እንጂ ክሩን ወደ ቀዳዳው አትግፊ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይከሽፍብሻል፣ ከዚያ በኋላ መብራት ጠፍቶም ታደርጊዋለሽ።

ካልሆነ የስፌት ክር አጥፈሽ እጥፉን በቀዳዳው አሳልፊ፣ ወፍራሙን ክር በዚያ ቀለበት ውስጥ ከተሽ መልሰሽ ሳቢው። ክሩ በዚህ ሁሉ እየተላጠ እየተቦጫጨረ ካለፈ ግን ቀዳዳው ጠቦታል፣ አንድ ቁጥር ዝቅ በዪ።


ካሬ_በካሬ
ማክሰኞ ማታ 4፡20

የፕላስቲክ መርፌስ? እኔ ያለኝ እሱ ነው። ለወፍራም ክር ቆንጆ ነው፣ ትንሿ እህቴም ስትማርበት አይወጋትም። አሻንጉሊት ላይ ጆሮና እጅ ስሰፋ ግን ጎንበስ ይልብኛል፣ አንዱም ቀዳዳው ጋ ተሰበረ።


ዳንቴሏ
ማክሰኞ ማታ 4፡35

ልክ ነሽ፣ ጥቅጥቅ ላለ ሥራ ፕላስቲክ አቅም የለውም፤ አንገቱም ወፍራም ስለሆነ በሥራው ጠባብ ዓይን (በክሩ ቀለበት) አያልፍም። ለአሻንጉሊት ጫፉ ትንሽ ጎበጥ ያለ የብረት መርፌ ካገኘሽ አትለፊው። ገብቶ ራሱ ቀና ብሎ ይወጣልሻል፣ ሥራውን ማጠፍ አያስፈልግሽም። በነገራችን ላይ አሻንጉሊቱ ለጨቅላ ከሆነ ዓይኑን በክር ጥለፊው፣ ቁልፍ አትስፊበት። ሕፃን የተነቀለ ቁልፍ ይውጣል።


አንኮበር_ማዶ፣ አንኮበር
ረቡዕ ጠዋት 2፡25

እኛ ጋ የክር መርፌ የሚባል ነገር ሱቅ ላይ አላየሁም። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አወጣሁ፣ አንድ ስንዝር ቆርጬ ለሁለት አጠፍኩት፣ እጥፉ ጋ ክር የሚያስገባ ቀዳዳ ትቼ የቀረውን እርስ በርሱ ጠመዘዝኩት፤ ሁለቱን ጫፎች ደግሞ መልሼ አጥፌ በፒንሳ ጨፈለቅኳቸው፣ እንዳይቧጭር። ለስላሳ ስለሆነ ለረጅም ስፌት አይሆንም፣ ጫፍ ለመወሸቅ ግን ሁለት ዓመት አገልግሎኛል።

አንድ ሰው ደግሞ ወስፌ ተጠቀሚ ብሎኝ ነበር። ወስፌ ቀዳዳ የለውም እኮ! ሰፌድ ስትሰፊ ቀድሞ መንገድ ይከፍታል፣ አክርማውን በእጅሽ ነው የምታስገቢው። ለዚህ ሥራ ዘመዱ አይደለም።


ልብስ_ሰፊው
ረቡዕ ቀን 6፡30

ሽቦዋ ጥሩ ናት። የጆንያ መርፌ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ያጣው ደነዝ ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉን በሞረድ ወይም በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ፈግፍጋችሁ ሹሉን አጥፉት፣ ጠርዙንም ክብ አድርጉት፣ በመጨረሻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ለስልሶ እንደሆነ በናይለን ካልሲ ላይ ሳቡት፤ ካልሲውን ከያዘ ክሩንም ይይዛል።


ብርድ_ለመደ
ረቡዕ ማታ 2፡00

ልብስ_ሰፊው ዕድሜ ይስጥህ! ዛሬውኑ እሞርደዋለሁ። የተከፈቱትን አምስት ካሬዎችስ እንዴት ላድርጋቸው? ጫፋቸው አጭር ስለሆነ መርፌ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ክር እንኳ የለም።


ዳንቴሏ
ረቡዕ ማታ 2፡45

ከሁሉ በፊት የተከፈተውን ዓይን ሁሉ በመርፌ ቁልፍ ያዢው፣ ከዚያ በላይ እንዳይተረተር። ውሉ ከጠፋሽ ካሬውን እንዳለ መሥራት ይሻልሻል። ከዚያ ከዚያው ቢጫ አንድ ክንድ የሚያህል አዲስ ክር ቁረጪ። በደነዝ መርፌ የተያዙትን ዓይኖች ሁሉ ዙሪያውን ልቀሚያቸው፣ አንዴ ዞረሽ ሌላ ዙር ድገሚ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ሳቢው። መሃሉ እንደ ከረጢት አፍ ይዘጋል። ብዙ አትወጥሪው፣ ካሬው ይሸበሸባል። ሁለቱን ጫፎች በተለያየ አቅጣጫ ወሽቂ።

ብቅ ላሉት አጫጭር ጫፎች ደግሞ ዘዴው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ክር ሳታስገቢበት ባዶውን መርፌ መጀመሪያ በሥራው ውስጥ አሾልኪው፣ ቀዳዳው አጭሩ ጫፍ አጠገብ ሲደርስ አቁሚ። ያኔ ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ ክተቺና መርፌውን ሳቢ። ሁለት ጣት ክር እንኳ በዚህ ይድናል። ከዚያም ካጠረ በኪሮሹ ራሱ ጎትተሽ አስገቢው።

ለሚቀጥለው ሥራሽ ግን 15 ሳንቲ ሜትር ተዪ። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አንድ ወገን ትሄጃለሽ፣ አንድ ክር ዘልለሽ በዚያው መስመር ትመለሺያለሽ፣ ሦስተኛውን ወደ ጎን ትሰጪዋለሽ። ዘልለሽ የምትመለሺባት አንዲት ክር ናት ሁሉን የምትይዘው፤ እሷን ካልዘለልሽ የሄድሽበትን ራስሽ ፈትተሽ ተመለስሽ ማለት ነው። በካሬ ሥራ ላይ ደግሞ በቀዳዳዎቹ አቋርጠሽ አትሂጂ፣ ይታያል። ጥቅጥቅ ያሉትን ቋሚዎች ተከተይ። ከሥሩ አትቁረጪ! አስቀድመሽ ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ ሲደርቅ በአራቱም ወገን ሳብ ሳብ አድርጊው፣ ክሩ ቦታውን ሲይዝ ያኔ ትንሽ አስተርፈሽ ቁረጪ።


ልብስ_ሰፊው
ረቡዕ ማታ 3፡05

ካሬ ለካሬ ስትሰፊ ለስፌቱ መስመር ርዝመት ሦስት እጥፍ ክር ያዢ። የአንቺ አንዱ መስመር 84 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይመጣል። ግን በአንድ ጊዜ አትቁረጪው፤ ረጅም ክር በቀዳዳው እየተመላለሰ ይነጫል፣ ይቋጠራልም። ለሦስት ከፍለሽ ስፊው።


ቆላ_ወረድ
ረቡዕ ማታ 3፡30

ላይተሬን ኪሴ ከትቻለሁ። ይቅርታ ለሕፃኑ።


ብርድ_ለመደ
እሑድ ቀን 9፡20

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሦስት የክር ሱቅ ገባሁ፣ ሁለቱ የመኪና መርፌ አወጡልኝ (ልብስ_ሰፊው ትንቢት ተናጋሪ ነው)። ያገኘሁት ከሱቅ ሳይሆን ከአንድ ሱቅ በደረቴ ነው። ከማበጠሪያና ከመስተዋት መካከል ስድስት የተለያየ መርፌ የያዘች እሽግ ነበረችው፣ ቁጥር ግን የላትም። ክሬን ይዤ ስለሄድኩ እዚያው መንገድ ላይ አጥፌ ሞከርኩ። አንዱ ገባለት፣ ጫፉም ጣቴን አልወጋም፣ ወሰድኩ። ውስጧ አንድ ሹልም አለ። አዲስ አበባ ሰው መላክ ቀረ፣ ያን ሁሉ 130 ኪሎ ሜትር ለመርፌ!

ከአምስቱ ካሬ አራቱ ድነዋል። አምስተኛውን ውሉን ላገኘው ስላልቻልኩ አውጥቼ አዲስ ሠራሁ። አዲሱ ቢጫ ከድሮው ትንሽ ይለያል፤ ክሩ ከሌላ እሽግ ስለሆነ ቀለሙ አልገጠመም። እህቴ አይታ «ይቺ ፀሐይዋ ናት» አለች፣ እንግዲህ ፀሐይ ትሁን። ተንጨፍርሮ የነበረውን ስፌት በሙሉ ቆርጬ አወጣሁና በደነዙ መርፌ ደገምኩት። ልዩነቱን ብታዩት! መስመሩ ጠፍቶ ሁሉም አንድ ጨርቅ መስሏል። ከ216ቱ ጫፍ ገና 90 ያህል ይቀረኛል፣ አሁን ግን አልሮጥም፣ በቀን አሥር።

ማታ ከታጠበ በኋላ አንድ ሰማያዊ ጫፍ ብቻ ብቅ አለ። የመጨረሻዋን በሹል መመለስ የረሳኋት ናት መሰለኝ።

አንድ ችግር ግን ተፈጠረ። ረቡዕ ማታ የጆንያ መርፌውን በሞረድ አሳምሬ አደነዝኩት አይደል? ትናንት አባቴ ገብስ ከአውድማ አስገባ። እናቴ ጆንያውን ልትሰፋ መርፌዋን አንስታ ብትወጋ ብትወጋ አልገባ አላት። አገላብጣ አየችው፣ እኔን አየችኝ። የሆነውን ስነግራት ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ጆንያውን በገመድ አሠረችው። ያ ዝምታ ነው የከበደኝ።


የመንዝ_ልጅ
እሑድ ቀን 10፡05

አያቴ ከሳቋ የተነሣ እንዝርቷን ጥላዋለች። «የእናቷን መርፌ አደነዘዘችው!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ እየነገረች ነው።


ልብስ_ሰፊው
እሑድ ማታ 1፡30

የእናትሽ ነው ብለሽ መቼ ነገርሽኝ?


ብርድ_ለመደ
እሑድ ማታ 1፡42

የመጀመሪያው መልእክቴ ላይ አለ፣ ጋሼ። «እናቴ ጆንያ የምትሰፋበትን» ብያለሁ።


ልብስ_ሰፊው
እሑድ ማታ 1፡50

በቃ፣ ሞረዱ አለሽ አይደል? መልሰሽ አሹይው።